የኢንዶኔዢያ የተፈጥሮ ጋዝ፤ ለባሕር ማዶ ገበያ ወይስ ለአገር ቤት?

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 2005 ድረስ፣ በመርከብ ተጭኖ በሚሸጠው የተፈጥሮ ጋዝ ንግድ ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀዳሚውን ሥፍራ ይዛ የኖረችው ኢንዶኔዢያ ነበረች። በ2006 ይህን ሥፍራ ለካታር ለቀቀች። ከዚያም ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ከሁለቱ ታላላቅ የጋዝ ወደቦቿ አንዱ የመጨረሻውን ጭነት ወደ ውጭ አገር ከላከ በኋላ ሥራው ተገለበጠ፤ ጋዝ የጫኑ መርከቦች ወደዚያ ወደብ የሚመጡት ሊያራግፉ እንጂ ሊጭኑ አልሆነም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ የሆነው ጋዙ ፈጽሞ በማለቁ አይደለም። ኢንዶኔዢያ ዛሬም በየዓመቱ ወደ 60 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ጋዝ ታወጣለች። የተለወጠው ጋዙን የሚጠብቀው ሰው ነው። ቀድሞ የሚጠብቀው የጃፓን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን የጃቫ ፋብሪካ፣ የሱማትራ የማዳበሪያ መሥሪያ ቤትና የጃካርታ መብራት ኀይልም ከዚያው ከአንዱ ጉድጓድ ድርሻቸውን ይጠይቃሉ። ለረጅም ዘመን የተፈረመ ውል፣ መጠኑ የተወሰነ ዕቃና እያደገ የሄደ የአገር ቤት ፍላጎት በአንድ ሥፍራ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ከዚህች አገር ታሪክ በሚገባ መረዳት ይቻላል። ታሪኩም የሚጠቅመው ለጋዝ ነጋዴ ብቻ አይደለም።

የዕቃው ጠባይ

የተፈጥሮ ጋዝ እንደ ቡና በጆንያ ተሞልቶ፣ ወይም እንደ ቆዳ በእስር ታስሮ መጋዘን የሚገባ ዕቃ አይደለም። ከመሬት ውስጥ እንደ ወጣ ሁለት መንገድ ብቻ አለው። አንደኛው በቧንቧ ተመርቶ በቀጥታ ወደ ተጠቃሚው መሄድ ነው። ሁለተኛው ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ወደ ፈሳሽነት መለወጥ ነው። በዚህ ጊዜ ጋዙ የሚይዘው ሥፍራ በ600 እጅ ያህል ስለሚቀንስ፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ መርከብ ተጭኖ ባሕር ለማቋረጥ ይችላል። ገዢው አገር ሲደርስም እንደገና ሞቆ ወደ ጋዝነቱ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ የማቀዝቀዣው ፋብሪካ፣ መርከቦቹና የማራገፊያው ወደብ እጅግ ከፍተኛ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ገዢው አስቀድሞ ፈርሞ ካልተገኘ በቀር ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚያበድር ባንክ አይገኝም። ስለዚህ በዚህ ንግድ ውሉ ዕቃውን ይቀድማል። ሻጩ ለ20 ዓመት ያህል ሳያቋርጥ ለማቅረብ ይገደዳል፤ ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን ቢወስድም ባይወስድም ዋጋውን ለመክፈል ይገደዳል። የቡና ነጋዴ ዘንድሮ የተሸጠበት ዋጋ ቢጎዳው በሚመጣው ዓመት ይክሰዋል። የጋዝ ነጋዴ ግን በአንድ ቀን በፈረመው ወረቀት አንድ ትውልድ ሙሉ ይኖርበታል።

የ1973ቱ ውል

ኢንዶኔዢያ ከ17 ሺህ በሚበልጡ ደሴቶች ላይ የተዘረጋች አገር ናት። ሞቢል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1971 በሱማትራ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ አቼ በተባለው ግዛት፣ አሩን የተሰኘውን ታላቅ የጋዝ ሥፍራ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሃፍኮ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ በቦርኔዎ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በካሊማንታን፣ የባዳክን ጋዝ አገኘ። ሁለቱም ሥፍራዎች አብዛኛው ሕዝብና ኢንዱስትሪ ከሚገኝበት ከጃቫ ደሴት እጅግ የራቁ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በአቼም ሆነ በምሥራቅ ካሊማንታን ይህን ያህል ጋዝ የሚፈጅ ፋብሪካ አልነበረም። ሀብቱ ተገኘ፤ ገበያው ግን በአጠገቡ አልነበረም።

ገበያው የተገኘው ከጃፓን ነው። ጃፓን በምድሯ ነዳጅ የሌላት፣ ኢንዱስትሪዋ ግን በፍጥነት ያደገ አገር ነበረች። በኦክቶበር 1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሥቶ የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሲንር፣ ጃፓኖች ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ነዳጅ አጥብቀው ፈለጉ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር አራት የኤሌክትሪክና የጋዝ ኩባንያዎች፣ እነሱም ካንሳይ ኤሌክትሪክ፣ ቹቡ ኤሌክትሪክ፣ ክዩሹ ኤሌክትሪክና ኦሳካ ጋዝ፣ ከብረት አምራቹ ከኒፖን ስቲል ጋር ሆነው፣ ከኢንዶኔዢያ መንግሥት የነዳጅ ድርጅት ከፔርታሚና ጋር የ20 ዓመት ውል ተፈራረሙ። ዋጋውም ከነዳጅ ዘይት ዋጋ ጋር የተያያዘ ሆነ፤ ዘይቱ ሲወደድ ጋዙ ይወደዳል፣ ሲረክስም ይረክሳል።

ውሉ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። በ1975 ፔርታሚና በየአቅጣጫው የተበደረውን የአጭር ጊዜ ዕዳ ለመክፈል አቃተው፤ ዕዳው ሲጣራ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። የድርጅቱ ኀላፊ ጄኔራል ኢብኑ ሱቶዎ በሚቀጥለው ዓመት ከሥራቸው ተሰናበቱ። ሌሎች የድርጅቱ ዕቅዶች ሲቆሙ የጋዙ ሥራ ግን ቀጠለ። አበዳሪዎቹ የተማመኑት በሻጩ የገንዘብ ሣጥን ላይ ሳይሆን በገዢዎቹ ፊርማ ላይ ስለ ነበረ ነው።

በኦገስት 1977 በአሜሪካ አገር በኲንሲ የመርከብ መሥሪያ የተሠራችው አኳሪየስ የተባለች መርከብ የመጀመሪያውን ጭነት ከቦንታንግ ወደብ ወደ ኦሳካ አካባቢ አደረሰች። የአሩን ጋዝም በ1978 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በየጊዜው እየሰፋ ሄደ፤ አሩን ስድስት፣ ቦንታንግ ደግሞ ስምንት የማቀዝቀዣ ክፍሎች እስከ መያዝ ደረሱ። ኮሪያ በ1986፣ ታይዋንም በ1990 ከገዢዎቹ ተርታ ገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ በመርከብ የተጫነ ጋዝ የገዙትም ከኢንዶኔዢያ ነበር።

ከጉድጓዱ አጠገብ ያሉት ሰዎች

ጋዙ ከአቼ ምድር ይወጣ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ወደ ጃካርታ ይሄድ ነበር። የአቼ ሰዎች ይህን እንደ ታላቅ በደል ቆጠሩት። የአቼ ነጻ አውጪ ንቅናቄ በ1976 ሲመሠረት ካቀረባቸው ቅሬታዎች አንዱ ይኸው የጋዝ ሀብት ነበር። ጦርነቱ ለሠላሳ ዓመት ያህል እየበረደና እየጋለ ቆየ። በማርች 2001 ኤክሶንሞቢል ለሠራተኞቹ ደኅንነት በመስጋት የአሩንን ሥራ ለብዙ ወራት አቆመ፤ የጃፓንና የኮሪያ ገዢዎችም የጎደላቸውን ጋዝ ከሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዱ። ዕቃውን በሰዓቱ በማድረስ ስሙን ላቆመ ሻጭ ይህ ቀላል ጉዳት አልነበረም።

ሰላም የመጣው በዲሴምበር 2004 አቼን ካጠፋው የባሕር ማዕበል በኋላ ነው። በኦገስት 2005 በሄልሲንኪ በተፈረመው ስምምነት ላይ፣ በአቼ ግዛት ከሚገኘው የነዳጅና የጋዝ ገቢ 70 በመቶው ለግዛቲቱ እንዲሆን ተወሰነ። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ የአሩን ጋዝ ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር። ድርሻው የተሰጠው ዕቃው ካለቀ በኋላ ነው ቢባል እጅግ የተጋነነ አይሆንም።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በማቀዝቀዣው ፋብሪካ አካባቢ በጋዝ የሚሠሩ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ተቋቁመው ነበር። የዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ስለ ሆነ ሥፍራው የተመረጠ ነበር። ነገር ግን የጉድጓዱ ኀይል በደከመ ጊዜ፣ ያለው ጋዝ አስቀድሞ የተያዘው ለባሕር ማዶው ውል ነበር። የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች በጋራ ያቋቋሙት የአቼ ማዳበሪያ ፋብሪካ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጋዝ አጥቶ ሥራውን አቆመ። የጎረቤቱ ፋብሪካም በጋዝ እጥረት ምክንያት ደጋግሞ ቆሟል። ከደጃፉ ጋዝ የጫኑ መርከቦች ወደ ጃፓንና ወደ ኮሪያ ሲሄዱ፣ ገበሬው የሚጠብቀው ማዳበሪያ ሳይሠራ ይቀር ነበር።

አሩን የመጨረሻውን ጭነት ወደ ኮሪያ የላከው በኦክቶበር 2014 ነው። ወዲያውም ታንከሮቹና ወደቡ ለሌላ አገልግሎት ተዘጋጁ። ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ከሩቋ ከፓፑዋ ግዛት የሚመጣው ፈሳሽ ጋዝ በዚያ ይራገፋል፤ እንደገና ሞቆም በቧንቧ ለሰሜን ሱማትራ መብራት ኀይልና ፋብሪካዎች ይታደላል።

በዋጋ ላይ የተጣለ ጣሪያ

ነጋዴ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ የዋጋ ታሪክ ደግሞ ከፓፑዋ ይገኛል። በዚያ የእንግሊዙ ኩባንያ ቢ.ፒ. ታንጉ በተባለው ሥፍራ አዲስ የማቀዝቀዣ ፋብሪካ ለማቆም ገዢ ይፈልግ ነበር። ዘመኑ ለሻጭ ክፉ ነበር፤ ጋዙ ብዙ፣ አዲስ ገዢው ግን ጥቂት ነበር። በ2002 ቻይና ለጓንግዶንግ ግዛት የመጀመሪያውን የጋዝ ግዢ ጨረታ ስታወጣ ያሸነፈችው አውስትራሊያ ሆነች። ኢንዶኔዢያ የሁለተኛውን፣ ማለት የፉጂያንን ግዛት ውል አገኘች። ውሉ በዓመት 2.6 ሚሊዮን ቶን ለ25 ዓመት እንዲቀርብ ይጠይቃል።

ዋጋው እንደ ተለመደው ከነዳጅ ዘይት ጋር ተያያዘ፤ ሆኖም ጣሪያ ተደረገበት። ዘይቱ በበርሜል ከ25 ዶላር በላይ ቢወጣ የጋዙ ዋጋ ከዚያ በላይ እንዳይንቀሳቀስ ተወሰነ። ይኸውም ለአንድ ሚሊዮን ቢ.ቲ.ዩ. (የጋዝ ሙቀት ለሽያጭ የሚለካበት መስፈሪያ ነው) 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ያህል ማለት ነበር። ውሉ በተፈረመበት ዓመት ዘይት 25 ዶላር አካባቢ ስለ ነበረ ነገሩ እንደ ከባድ ጉዳት አልታየም። ፈራሚዎቹም ሞኞች አልነበሩም፤ ያለ ገዢ ፋብሪካው ባልተሠራ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ዘይት እየናረ ሄደ። በ2006 በተደረገ ድርድር ጣሪያው ወደ 38 ዶላር ከፍ አለ፤ የጋዙም ዋጋ 3 ዶላር ከ35 ሳንቲም ያህል ሆነ። ዘይት በ2008 በበርሜል ከ140 ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ በ2009 ሥራ የጀመረው ታንጉ ለፉጂያን የሚያቀርበው ጋዝ ከዚያው ጣሪያ ሥር ቀረ። በአገር ውስጥ ጩኸት በዛ። በመጨረሻ በ2014 መንግሥቱ ከቻይናው ገዢ ጋር እንደገና ተደራድሮ፣ ከጁላይ ወር ጀምሮ ዋጋው ወደ 8 ዶላር ገደማ ከፍ እንዲልና የጣሪያው ነገር እንዲቀር ተስማማ።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይበጃል። አንድ ሚሊዮን ቶን ፈሳሽ ጋዝ 52 ሚሊዮን ያህል ሚሊዮን ቢ.ቲ.ዩ. ይይዛል። 2.6 ሚሊዮን ቶን እንግዲህ ወደ 135 ሚሊዮን ይጠጋል። በእያንዳንዱ ላይ 4 ዶላር ከ65 ሳንቲም ልዩነት ሲቈጠር፣ የውሉ መጠን በሙሉ በሚጫንበት ዓመት ከ600 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ይሆናል። ይህ ሁሉ ልዩነት የተወለደው በውሉ ውስጥ ከገባ አንድ አንቀጽ ነው። ለዘለቄታ የሚፈርም ሻጭ ስለ ዛሬው ዋጋ ከሚከራከረው ይልቅ፣ ዋጋው ነገ እንዴት እንደሚንቀሳቀስና በየስንት ዓመቱ እንደገና እንደሚታይ አጥብቆ ቢከራከር ይሻለዋል።

የአገር ቤት ገበያ

የኢንዶኔዢያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33፣ በምድር ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሀብት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሆኖ ከሁሉ በላይ ለሕዝብ ብልጽግና እንዲውል ያዝዛል። ይህ አንቀጽ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። በ2001 የወጣው የነዳጅና የጋዝ ሕግ ኩባንያዎች ከድርሻቸው «ቢበዛ» 25 በመቶ ለአገር ውስጥ ገበያ እንዲያቀርቡ የሚያዝዝ ነበር። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ2004 «ቢበዛ» የሚለውን ቃል ሰረዘ፤ የሕዝብ ጥቅም ከላይ ገደብ ሊደረግበት አይገባም ማለቱ ነበር። ያው ፍርድ ቤት በ2012 የጋዝና የዘይት ውሎችን ይቆጣጠር የነበረውን መሥሪያ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ አፈረሰው፤ በምትኩም ሌላ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

ከሕጉ ይልቅ የገፋው ግን ፍላጎቱ ነው። ከጃፓን ጋር የነበረው ታላቁ የቦንታንግ ውል በ2010 መጨረሻ ሲያበቃ፣ በዓመት 12 ሚሊዮን ቶን የነበረው አቅርቦት ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 3 ሚሊዮን፣ ለሚቀጥሉት አምስት ደግሞ 2 ሚሊዮን ቶን ብቻ ሆኖ ታደሰ። በ2012 አንድ አሮጌ የጋዝ መርከብ ተለውጦ በጃካርታ የባሕር ወሽመጥ ላይ ተንሳፋፊ ማራገፊያ እንዲሆን ተደረገ፤ የቦንታንግም ጋዝ ወደ ዋና ከተማዪቱ መብራት ኀይል መጓዝ ጀመረ። ከ2013 ገደማ ጀምሮ ለአገር ውስጥ የሚቀርበው ጋዝ ወደ ውጭ ከሚላከው በለጠ። በ2023 ከቀረበው ጋዝ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ያህል በአገር ውስጥ የተሸጠ ነበር። በዚያው ዓመት ሥራ ከጀመረው ከታንጉ ሦስተኛ ክፍል ከሚወጣው ጋዝም 75 በመቶው አስቀድሞ ለመንግሥት የኤሌክትሪክ ድርጅት ተሸጦ ነበር።

የአገር ቤት ገበያ ግን የራሱ ችግር አለው። በ2020 መንግሥቱ ማዳበሪያ፣ ፔትሮኬሚካል፣ የአትክልት ዘይት ኬሚካል፣ ብረት፣ ሴራሚክ፣ መስተዋትና የላስቲክ ጓንት የሚሠሩ ሰባት የኢንዱስትሪ ዓይነቶች ጋዝን በ6 ዶላር እንዲያገኙ ወሰነ። ፋብሪካዎቹ ተደሰቱ፤ ይህም ለላኪዎቹ የውጭ ውድድር ረዳቸው። ይሁንና ዋጋው ለሁሉም ሰው የሚበቃ ጋዝ አላመጣም። የተመደበላቸውን መጠን በሙሉ አላገኘንም ያሉ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። በ2025 ዋጋው ለማገዶነት ለሚውለው ጋዝ 7 ዶላር፣ ለጥሬ ዕቃነት ለሚውለው ደግሞ 6 ዶላር ተኩል ሆኖ ተሻሻለ። ጋዝ አውጪው ኩባንያ በባሕር ማዶ የተሻለ ዋጋ እያየ በአገር ቤት ርካሽ እንዲሸጥ ሲጠየቅ አዲስ ጉድጓድ ለመቆፈር እጁ ይሰበሰባል፤ ዋጋው ከፍ ሲል ደግሞ ፋብሪካው ይከስራል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ መፈለግ የጃካርታ ባለሥልጣኖች የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኗል።

ባለ ሦስት ኪሎዋ ሲሊንደር

የጋዝ አገር የሆነችው ኢንዶኔዢያ ለወጥ ቤት የሚሆነውን ጋዝ በብዛት ከውጭ የምትገዛ መሆኗ ብዙ ሰው ያስገርማል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ከአገሪቱ ጉድጓዶች በብዛት የሚወጣው ግን ሜቴን ነው። ሁለቱ በስም ቢመሳሰሉም በገበያ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

እስከ 2007 ድረስ ብዙ ሕዝብ ምግቡን የሚያበስለው መንግሥት በሚደጉመው ላምባ ነበር። ድጎማው የመንግሥቱን በጀት ስለ ከበደው፣ በዚያ ዓመት ላምባን በጋዝ የመተካት ታላቅ ዘመቻ ተጀመረ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባች ባለ ሦስት ኪሎ ሲሊንደር ከነምድጃዋ በነጻ ታደለች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ50 ሚሊዮን በሚበልጡ ቤተ ሰቦች እጅ ገባች። ሕዝቡ በቅርጿና በቀለሟ ምክንያት «ሐብሐብ» ብሎ ይጠራታል። ላምባው ቀነሰ፤ ከውጭ የሚገባው የሲሊንደር ጋዝ ግን በዚያው ልክ አደገ። ዛሬ ከሚፈጀው ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ድጎማውም አልቀረም።

የዚህች ሲሊንደር ንግድ የሚካሄደው በአብዛኛው በየመንደሩ ባሉ ትንንሽ ሱቆች ነው። መንግሥቱ ድጎማው ለማይገባቸው ሰዎች እየደረሰ ነው በማለት፣ ከ1 ፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ትንንሽ ሱቆች ሲሊንደሩን እንዳይሸጡና ገዢው ሁሉ ወደ ተመዘገበ ማከፋፈያ እንዲሄድ አዘዘ። ወዲያው በየማከፋፈያው ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ታየ፤ የምግብ ሻጮችና የቤት እመቤቶች ጋዝ አጥተው ዋሉ። ፕሬዚዳንት ፕራቦዎ ሱቢያንቶ ከጥቂት ቀናት በኋላ ትናንሽ ሱቆች እንደገና እንዲሸጡ አዘዙ። ባለ ሱቁ ለወጉ ያህል በመካከል የቆመ ሰው እንዳልሆነ፣ የጎረቤቱን ፍላጎት በሰዓቱና በእግር መንገድ ርቀት የሚያደርስ የንግዱ አካል እንደ ሆነ በአራት ቀን ውስጥ ታወቀ።

የክምችቱ ቆጠራ

አንዲት አገር ይህን ያህል ትሪሊዮን ሜትር ኩብ ጋዝ አላት ሲባል አንባቢ ቁጥሩን በጥንቃቄ ሊመለከተው ይገባል። በኢንዶኔዢያ መንግሥት መዝገብ የተረጋገጠው ክምችት በ2018 2.7 ትሪሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነበር፤ በ2019 ግን 1.4 ትሪሊዮን ገደማ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሹ ያህል ጋዝ አልተቃጠለም። የተለወጠው የቆጠራው ደንብ ነው። በአዲሱ ደንብ መሠረት፣ ሊወጣና ሊሸጥ የሚያስችል ዕቅድ የሌለው ጋዝ ከተረጋገጠው ክምችት ተርታ አይገባም። መጋዘኑን ሲቆጥር የማይሸጠውን ዕቃ ለብቻው እንደሚያኖር ነጋዴ ማለት ነው።

ለዚህ ዋናው ምሳሌ በደቡብ ቻይና ባሕር የሚገኘው ምሥራቅ ናቱና ነው። በ1973 ሲገኝ ታላቅ ደስታ ሆኖ ነበር፤ ሊወጣ የሚችለው ጋዝ ብቻውን 1.3 ትሪሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። ነገር ግን ከጉድጓዱ ከሚወጣው ውስጥ 71 በመቶው የተቃጠለ አየር፣ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙን ለማግኘት አስቀድሞ ይህን ሁሉ መለየትና መልሶ ከምድር በታች መቅበር ያስፈልጋል። ወጪው ከዋጋው ስለሚበልጥ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም አንድ መርከብ እንኳ አልተጫነም።

ሁለተኛው ምሳሌ በአራፉራ ባሕር የሚገኘው የማሴላ ጋዝ ነው። ኢንፔክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2000 አገኘው። ፋብሪካው በባሕር ላይ ይንሳፈፍ ወይስ በየብስ ይቁም በሚለው ክርክር ብዙ ዓመታት አለፉ። በ2016 ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ የአካባቢው ሕዝብ እንዲጠቀም በየብስ ይሁን ብለው ወሰኑ። ዕቅዱ እንደገና ተሠራ፤ ሼል የተባለው ሸሪክ በ2023 ድርሻውን ለፔርታሚናና ለማሌዢያው ፔትሮናስ ሸጦ ወጣ። የታሰበው ፋብሪካ በዓመት 9.5 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ነው። ውሳኔው ለሕዝቡ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን የዘገየ ዕቃም ወለድ እንደሚቆጠርበት መዘንጋት አይገባም።

ተስፋ የሚሰጥ ዜናም አለ። በ2023 መጨረሻ ወራት የኢጣሊያው ኤኒ በምሥራቅ ካሊማንታን ባሕር፣ የአቡ ዳቢው ሙባዳላ ደግሞ ከሰሜን ሱማትራ ወዲያ ባለው በአንዳማን ባሕር ታላላቅ የጋዝ ሥፍራዎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። የኤኒ ግኝት ለቦንታንግ ቅርብ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ጋዝ አጥተው የቆሙት የማቀዝቀዣ ክፍሎች እንደገና ሊሠሩ ይችላሉ። የአንዳማኑም ቢሆን ከአቼ ዳርቻ የራቀ አይደለም። የአሩን ታሪክ በዚያው አካባቢ በሌላ መልክ ሊደገም ይችል ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ግን የጃቫና የሱማትራ ገዢዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጣሉ።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ

በኢትዮጵያም የኦጋዴን የካሉብ ጋዝ የተገኘው ልክ እንደ አሩንና እንደ ባዳክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበር። የኢንዶኔዢያው ጋዝ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ገበያ ሲደርስ፣ የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያው ምዕራፍ ማምረቻ የተመረቀው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2025 ነው። ከዚያው ጋዝ ማዳበሪያ የሚያመርት ፋብሪካ በጎዴ ለማቋቋምም ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በ2025 ስምምነት ተፈርሟል።

ኢንዶኔዢያ በአርባ ዓመት ውስጥ የደረሰችባቸው ጥያቄዎች እንግዲህ ለኢትዮጵያ በመጀመሪያው ቀን የቀረቡ ናቸው፤ ከጉድጓዱ አጠገብ የሚኖረው ሕዝብ ድርሻው ስንት ነው? ማዳበሪያው ይቅደም ወይስ የውጭ ምንዛሪው? ዋጋውስ በምን ይለካል፣ በየስንት ዓመቱስ ይታያል? ጃካርታ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መፈለግ የጀመረችው ውሎቹ ከተፈረሙ በኋላ ስለ ነበረ፣ መልሱ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ተገዛ። አስቀድሞ ለሚጠይቅ ግን ወጪው የብዕርና የወረቀት ያህል ነው።